ከእንዝርት እስከ ሰው ሠራሽ አስተውሎት፦ የላስታና የወሎ ወላጆች ጭንቀት በታሪክ ዓይን



በዚህ የታሪክ ክፍለ ጊዜ አብዛኛውን ጊዜ የምንተርክላችሁ ስለ ዑለሞች ሕይወት፣ ስለ ጥንታዊ መስጊዶችና ስለ ነጋዴዎች መንገድ ነው። ዛሬ ግን በየቤቱ ከመግሪብ ሶላት በኋላ ሻይ ሲቀርብ የሚነሳ አንድ ጭንቀት ይዘን ወደ ታሪክ ልንሄድ ነው። ጥያቄው እንዲህ የሚል ነው፦ ሁሉን የሚጽፍ፣ ሁሉን የሚመልስ መሣሪያ ከመጣ ልጆቻችን ምን ሠርተው ይበላሉ?

ጭንቀቱ የአዲስ አበባ ሰው ብቻ እንዳይመስላችሁ። ኔትወርክ በደረሰበት ሁሉ፣ በላሊበላም ሆነ በወልድያ፣ ተማሪ የቤት ሥራውን ፎቶ አንስቶ ለስልኩ ያሳየዋል፤ ስልኩም መልሱን ከነማብራሪያው ያወጣለታል። አባት በሬ ሸጦ፣ እናት የእንቁላልና የቅቤ ገንዘብ ቆጥባ ያስተማሩት ልጅ ነገ ቢሮ ገብቶ ይሠራዋል ብለው ያለሙትን ሥራ ይኸው መሣሪያ ዛሬ በደቂቃ ሲሠራው እያዩ ዝም ማለት ይከብዳል። ወላጆች መጨነቃቸው ተገቢ ነው። «አላህ ያውቃል» ብሎ ማለፍ ብቻውን ተወኩል አይሆንም፤ ግመሏ አስቀድማ መታሰር አለባት።

ነገሩ በአገራችን እንዴት እንደተጀመረ ባጭሩ እናስታውስ። አይኮግ ላብስ የተባለው የአዲስ አበባ ድርጅት የተቋቋመው እ.ኤ.አ በ2013 ነው። ሶፊያ የተባለችውን የሰው መልክ ያላት ሮቦት በመሥራቱ ሂደት የዚህ ድርጅት ወጣቶች እጃቸው አለበት፤ ሮቦቷም እ.ኤ.አ በ2018 አዲስ አበባ መጥታ ነበር። (በጉዞዋ ላይ ከአካሏ ክፍሎች አንዳንዶቹን የያዘው ሻንጣ ፍራንክፈርት አውሮፕላን ማረፊያ መጥፋቱ ሲነገር፣ ሻንጣ የሚያጠፋው ሰው እንኳ ገና ሥራ ላይ መሆኑን ተረዳን!) ጉግል አማርኛን ወደ ትርጉም አገልግሎቱ ያስገባው እ.ኤ.አ በ2016 ነው። መንግሥት በ2012 ዓ.ም የአርቲፊሻል ኢንተለጀንስ ማዕከል አቋቋመ፤ በኋላም ማዕከሉ ኢንስቲትዩት ሆነ። እ.ኤ.አ በኅዳር 2022 ቻትጂፒቲ የተባለው ለሕዝብ ሲለቀቅ ደግሞ ነገሩ ከተቋማት ግቢ ወጥቶ የሰው ኪስ ውስጥ ገባ። በ2016 ዓ.ም ሰኔ ወር የሚኒስትሮች ምክር ቤት ብሔራዊ ፖሊሲ አጸደቀ፤ በዚያው ክረምት ከተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ጋር አምስት ሚሊዮን ኮደሮችን የማሠልጠን ዕቅድ ይፋ ሆነ።

ዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅት እ.ኤ.አ በጥር 2024 ባወጣው ጥናት፣ በዓለም ካለው ሥራ 40 በመቶ ያህሉን ይህ መሣሪያ ይነካዋል ብሏል። በሀብታም አገሮች ቁጥሩ 60 በመቶ ይደርሳል፤ ገቢያቸው ዝቅተኛ በሆነ አገሮች ግን 26 በመቶ ነው። ይህን ሰምቶ «እኛን እምብዛም አይነካንም» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፣ በአቡነ ዮሴፍ ተራራ ግርጌ ገብስ የሚያጭደውን ገበሬ ስልክ አይተካውም። ዳሩ ግን የሚነካው ሥራ በአብዛኛው የወረቀት ሥራ ነው፤ ጸሐፊነት፣ ሒሳብ መዝጋቢነት፣ ትርጉም፣ የባንክና የጽሕፈት ቤት ሥራ። ይህ ደግሞ የላስታ ወላጅ ልጁን ከማጭድ ለማላቀቅ ያለመለት ሥራ ነው። ቁጥሩ ትንሽ ነው፤ የወደቀው ግን ተስፋችን ባለበት ቦታ ላይ ነው።

ፍትሐዊ ለመሆን ግን በሩ ከመሣሪያው በፊትም ጠባብ እንደነበር መናገር ይገባናል። በ2014 ዓ.ም የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ነጥብ ያገኙት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2015 ዓ.ም 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም ደግሞ 5.4 በመቶ። በአማራ ክልል በ2013 እና በ2014 ዓ.ም በነበረው ጦርነት፣ ከዚያም ከ2015 ዓ.ም ክረምት ጀምሮ በተቀሰቀሰው ግጭት ሚሊዮኖች ልጆች ከትምህርት ገበታ ርቀዋል። እነዚህን ልጆች ከትምህርት ያራቀ መሣሪያ የለም፤ ያራቃቸው ሰው ነው። የመሣሪያውን ጉዳይ ስናነሳ ይህን እንዳንረሳ።

አሁን ወደ ታሪኩ እንግባ። መሣሪያ መጥቶ የሰውን ሥራ ሲወስድ ይህ የመጀመሪያው አይደለም፤ አያቶቻችን አይተውታል። ምን እንዳዩ ለመረዳት ግን አስቀድሞ የሰሜኑ ደጋ ሙስሊም በምን ይኖር እንደነበር ማወቅ ያስፈልጋል። በደቡብ ወሎና በየጁ መሬት የነበራቸው ሙስሊሞች ነበሩ። ክርስቲያኑ በሚበዛባቸው የደጋ አገሮች ግን ሙስሊሙ በአብዛኛው ከርስት መሬት የተገለለ ነበር። በጎንደር አጼ ዮሐንስ ቀዳማዊ እ.ኤ.አ በ1668 በተደረገው ጉባኤ ሙስሊሙ በተለየ መንደር እንዲኖር አስወስነዋል። መሬት የሌለው ሰው በእጁና በእግሩ ይኖራል፤ በእጁ ሸማ ይሠራል፣ በእግሩ ይነግዳል። ያውም እየተሰደበ ነው። ሸማኔው፣ ቀጥቃጩ፣ ፋቂው ሁሉ የስድብ ስም ነበረው፤ አጼ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም የእጅ ሠራተኛን መሳደብ የሚከለክል አዋጅ እስከማውጣት የደረሱት ለዚህ ነው። የመሬት አዋጁ በየካቲት 1967 ዓ.ም እስኪመጣ ድረስ ብዙው የእጅ ሠራተኛ ቤት፣ ሥራው ቢቋረጥበት የሚመለስበት ማሳ አልነበረውም። ስለዚህ አዲስ መሣሪያ በመጣ ቁጥር ከሁሉ ቀድሞ የሚንቀጠቀጠው ይህ ቤት ነበር።

ከሸማው እንጀምር። ዛሬ ያለ ልጅ ሸማ እንዴት ይሠራ እንደነበር ስለማያውቅ ትንሽ እንዘርዝረው። ጥጡ ከቆላ ይመጣል። ፍሬው በመዳመጫ ተዳምጦ ይወጣል፤ ጥጡ በደጋን ይነደፋል፤ ባዘቶ ይሆናል። ከዚያ እናቶችና ልጃገረዶች ባዘቶውን ይዘው በእንዝርት ይፈትሉታል፤ ፈትሉ ይጠቀለልና ልቃቂት ይሆናል። ሸማኔው ከልቃቂቱ አንዱን ድር፣ ሌላውን ማግ አድርጎ ጉድጓዱ ላይ ተቀምጦ መወርወሪያውን ያመላልሳል። አንድ ሸማኔ ሥራ እንዳይፈታ ከኋላው ብዙ ፈታዮች ያስፈልጉታል። ሸማኔው ወንድ ነው፣ ስሙም ይጠራል፤ ፈታይዋ ሴት ናት፣ ሥራዋ «የቤት ጣጣ» ይባላል እንጂ ሙያ አይባልም። ነገር ግን ያቺ ልቃቂት ገበያ ወጥታ ጨውና በርበሬ ትገዛ ነበር።

አሁን መሣሪያው መጣ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የአሜሪካ ፋብሪካዎች ጨርቅ በምጽዋ በኩል ይገባ ጀመር፤ ሕዝቡ አቡጀዲ አለው። እ.ኤ.አ በ1930ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ የጃፓን ጨርቅ የአሜሪካኑን እየገፋ ገበያውን ያዘ። ቀጥሎ ፋብሪካው ራሱ ወደ አገራችን ገባ፤ በድሬዳዋ፣ በአቃቂ፣ በባሕር ዳር፣ በመጨረሻም በእኛው ወሎ በኮምቦልቻ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ሸማኔው አለቀ ብሎ ይገምታል። አላለቀም። ነጠላና ጋቢ ዛሬም በእጅ ይሠራል። ሸማኔው ያደረገው ብልህ ነገር ነው፤ የፋብሪካውን ክር ገዝቶ ድር አደረገው። የፋብሪካው ክር ጠንካራ ነው፣ ቶሎ አይበጠስም፣ ሥራውን ያፋጥንለታል። በእጅ የተፈተለውን ለማጉ አስቀረው። በዚህ ዓይነት ጉድጓዱ ዳነ፣ እንዝርቷ ግን ግማሽ ሥራዋን አጣች። ሸማኔው በመሣሪያው ተጠቀመ፤ መሣሪያው የወሰደው ከሸማኔው ኋላ ተቀምጣ የነበረችውን የሴትየዋን ገበያ ነው። ስለ አቡጀዲ የተጻፈውን ስናነብ ስለ ነጋዴውና ስለ ሸማኔው እናገኛለን፤ ስለ ፈታይዋ የምናገኘው ግን እጅግ ጥቂት ነው።

ይህን የምናነሳው ለትዝታ አይደለም። ዛሬም «ሰው ሠራሽ አስተውሎት ሐኪሙን ይተካዋል? ጠበቃውን ይተካዋል?» እየተባለ ይከራከራሉ። ጠበቃው ምናልባት እንደ ሸማኔው ነው፤ የመሣሪያውን ክር ገዝቶ ድር ያደርገዋል፣ ሥራውም ይፈጥንለታል። ከጠበቃው በታች ተቀምጦ ጽሑፍ የሚገለብጠው ልጅ፣ በፍርድ ቤት ደጃፍ ማመልከቻ የሚጽፈው ሰውዬ፣ ኮምፒውተር ቤት ተቀጥራ የምትተይበው እህታችን ግን ፈታዮቹ ናቸው። የእኛ ልጆች ደግሞ ሥራ ሲጀምሩ የሚገቡት በዚያ በታችኛው በር ነው። የወላጅ ጭንቀት ወደዚህ ወደ መግቢያው በር ቢያተኩር ይበጃል እንላለን።

መሣሪያ ሁሉ እንጀራ ወሳጅ ነው እንዳንል ደግሞ ወፍጮው አለ። የናፍጣ ወፍጮ በገጠሩ ከመግባቱ በፊት እናቶቻችን ከፈጅር ቀድመው ተነስተው በድንጋይ ወፍጮ ላይ ተደፍተው ይፈጩ ነበር። ጉልበታቸው፣ ወገባቸው፣ መዳፋቸው የሚያልቀው እዚያ ላይ ነው። ልጅቷም ከትምህርት ቤት የምትቀረው «ማን ይፈጭልኛል?» ተብሎ ነው። ወፍጮ ቤት ሲከፈት ያ ሥራ ሄደ፤ ማንም «ወፍጮዬን መልሱልኝ» ብሎ አልጮኸም። ለሰው ቤት እየፈጩ ይኖሩ የነበሩ ድሆች እንደሚጎዱ ግልጽ ነው፤ ለአብዛኛዋ እናት ግን የወረደላት ሸክም ነበር። እንግዲህ መፍተሉም መፍጨቱም የእጅ ሥራ ነው፤ ሁለቱንም ሴቶች ይሠሩታል፤ ሁለቱንም ሞተር ወሰደው። አንዱ ሲሄድ ገበያ ሄደ፣ ሌላው ሲሄድ ወገብ ቀና አለ። ስለዚህ አንድ መሣሪያ ሲመጣ ሸክም ነው የሚወስደው ወይስ እንጀራ ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። መልሱ በየቤቱ ሊለያይ ይችላል።

ሦስተኛው የሲራራ ነጋዴው ታሪክ ነው። ከአፋር በረሃ የተቆረጠው አሞሌ ጨው በግመል ወጥቶ፣ ሰቆጣ ገበያ ላይ ደርሶ፣ ከዚያ በበቅሎና በአህያ ወደ ላስታና ወደ ሌላው ደጋ ይሻገር ነበር። አሞሌው ምግብም ገንዘብም ነበር፤ ከጠገራ ብር ጎን ለጎን ይመነዘር ነበር። በዚህ ንግድ ሙስሊሙ ዋነኛ ድርሻ ነበረው። ነጋዴው የሚሄድበትን አገር ቋንቋ ይሰማል፣ ሒሳቡን በቃሉ ይይዛል፣ በየመንደሩ የሚያሳድረው ሰው አለው፤ ዕቃ በአማና ትቶ ይሄዳል፣ በአማና ይቀበላል።

ጣልያን እ.ኤ.አ ከ1936 በኋላ ከአስመራ በአላማጣ፣ በቆቦ፣ በወልድያና በደሴ አድርጎ ወደ አዲስ አበባ የመኪና መንገድ ሠራ። መንገዱ ላስታን በምሥራቅ ትቷት አለፈ። አንድ የጭነት መኪና የብዙ በቅሎዎችን ጭነት ይዞ የሳምንቱን መንገድ በቀን ሲጨርሰው ገበያው ወደ መንገዱ ዳር ወረደ። ከወልድያ ወደ ወረታ የሚሄደውና ሕዝቡ የቻይና መንገድ የሚለው በጋሸና በኩል ደጋውን የቆረጠው በደርግ ዘመን ነው። በመካከሉ ያሉት ዓመታት ቀላል አልነበሩም፤ ከነሱ ውስጥ የ1966 ዓ.ም የወሎ ረሃብ አለ።

ነጋዴዎቹ ምን ሆኑ? መንገዱን ተከትለው ወደ ወልድያ፣ ወደ ደሴ፣ ወደ አዲስ አበባ መርካቶ የወረዱ አሉ። በቅሎዋ ስትቀር የነጋዴው ቋንቋ፣ የቃል ሒሳብና የሰው አመኔታ አብረው አልቀሩም፤ ጨርቅ ሻጭም ሆነ ቡና ነጋዴ ቢሆን ይጠቅሙታል። በቅሎ በመንዳት ብቻ ይኖር የነበረው ተቀጣሪ ግን በቅሎ ሸጦ መኪና ሊገዛ አይችልም። አባት ለልጁ በቅሎ መንዳትን ብቻ አስተምሮት ከሆነ መኪናው ሁሉንም ወሰደበት። ሒሳብንና አማናን አስተምሮት ከሆነ የወሰደበት በቅሎዋን ነው። እዚህ ላይ ግን ራሳችንን እንዳናታልል፤ ዋናው ነገር መነሻ ገንዘብ የነበረው ማን ነው የሚለውም ነው። ልጁ ምን ያህል ቢማር ገንዘብና ዋስ የሚሆነው ዘመድ ከሌለው መንገዱ ዳር ቆሞ ሊቀር ይችላል። «ልጆቻችንን ኮምፒውተር አስተምሩ» እያሉ ለሚመክሩን ሁሉ ይህን እንነግራቸዋለን።

አራተኛውን ታሪክ ሩቅ ሳትሄዱ ከመደርደሪያችሁ ላይ ታገኙታላችሁ። ቁርኣን ለዘመናት በእጅ ሲጻፍ ኖሯል። በወሎ የዒልም ማዕከሎች፣ በየጁ በዳና፣ በቃሉ አካባቢ በገታ፣ ደረሳዎች የሚማሩትን ኪታብ ራሳቸው እየገለበጡ ነበር የሚማሩት። በኢስታንቡል ማተሚያ ቤት እንዲቆም እ.ኤ.አ በ1727 ሲፈቀድ የሃይማኖት መጻሕፍት ከፈቃዱ ውጭ ሆኑ፤ የቁርኣን ኅትመት በዚያች ከተማ በይፋ የተፈቀደው ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። ካይሮ ዝነኛውን ኅትመቷን ያወጣችው እ.ኤ.አ በ1924 ነው። ከዚያ በኋላ በመጻፍ ይተዳደር የነበረው ሰው ገበያ እየጠበበ መሄዱ አልቀረም።

አሁን ግን በመዲና በንጉሥ ፈህድ ማተሚያ የታተመውን ሙስሐፍ ክፈቱ። ያ ማተሚያ የተመረቀው እ.ኤ.አ በ1984 ነው። ፊደሉን ስታዩት የማሽን ፊደል ሊመስላችሁ ይችላል። አይደለም፤ ዑሥማን ጣሃ የተባለው የሶርያ ተወላጅ ኸጣጥ በእጁ የጻፈው ነው። ማተሚያው የዚያን አንድ ሰው እጅ አባዝቶ ከኢንዶኔዥያ እስከ ላስታ አደረሰው። ይህ ነገር አስደሳችም አስፈሪም ነው። አስደሳች የሚያደርገው፣ መሣሪያው የሰለጠነ እጅ መፈለጉን አለመተዉ ነው። የሚያስፈራው ግን ቁጥሩ ነው፤ ቀድሞ በየአገሩ ብዙ ጸሐፊ ያስፈልግ ነበር፣ አሁን አንድ እጅ ለብዙ ሚሊዮን ቤት በቃ። መካከለኛ ጸሐፊ የነበረው ሰው የት ገባ? ሰው ሠራሽ አስተውሎትም እንደዚሁ ነው። እጅግ የበቃውን ሰው ሥራ ያበዛል፤ መካከለኛውን ብዙም አይፈልገውም። ልጆቻችን አብዛኞቹ እንደ እኛው መካከለኞች ናቸውና ጭንቀታችን ከዚህ ይነሳል። ሁሉም ልጅ አንደኛ ይሁን ብሎ መመኘት ደግሞ መልስ አይሆንም።

ወደ ላሊበላ እንመለስ፤ እዚያ የሆነው ነገር ጭንቀቱን ሌላ መልክ ይሰጠዋል። አሥራ አንዱ ከአለት የተፈለፈሉ አብያተ ክርስቲያናት እ.ኤ.አ በ1978 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ከተመዘገቡ ወዲህ ከተማዋ ዓመት በዓመት ይበልጥ የቱሪስት ከተማ ሆነች። ልጆች እንግሊዝኛ፣ ፈረንሳይኛ፣ ጣልያንኛ ከትምህርት ቤትም ከመንገድም ለቀሙ። አስጎብኚ መሆን፣ ሆቴል መሥራት፣ መኪና ማከራየት የወላጅ ሁሉ ተስፋ ሆነ። በዚህ የሚኖረው ክርስቲያኑ ብቻ አልነበረም፤ እንግዳው በሄደበት ሱቁም፣ ምግቡም፣ ጭነቱም ይንቀሳቀሳል፤ የቅዳሜው ገበያ ለሁሉም ነው።

ከዚያ በ2012 ዓ.ም ኮሮና መጣ፤ አውሮፕላኑ ባዶ ሆነ። በ2013 ዓ.ም ሐምሌ መጨረሻ የሕወሓት ኃይሎች ከተማዋን ያዙ፤ በ2014 ዓ.ም ኅዳርና ታኅሣሥ ከእጅ ወደ እጅ ተገላበጠች። ከ2015 ዓ.ም ክረምት ጀምሮ ደግሞ የክልሉ ግጭት እሷንም አዳረሳት። አስጎብኚዎች ሥራ ፈቱ። የላሊበላን አስጎብኚ እንጀራ የወሰደው ሮቦት አይደለም። አሁን ደግሞ እንግዳው ሲመለስ ስልኩን አውጥቶ በፈረንሳይኛ የሚያናግረው መሣሪያ ይዞ ይመጣል። ሁለት ጊዜ ሥራ ያጣ ወጣት እዚያ አለ ማለት ነው። ለዚህ ወጣት «አትፍራ» ማለት ቀልድ ይሆናል። መሣሪያው የዓመተ ምሕረቱንና የንጉሡን ታሪክ ከሱ በተሻለ ሊደረድር ይችላል፤ በተዳፋቱ ላይ ለአዛውንት እንግዳ ክንዱን አይሰጥም፣ የታመመ ሲኖር ማን ዘንድ እንደሚኬድ አያውቅም፣ የሰፈሩን ሰው በስም አይጠራም። ይህ በቂ እንጀራ ይሆናል ወይ? እኛ እንጃ ከማለት በቀር አንደፍርም። ግን አስጎብኚው የሚሸጠው ነገር ከቋንቋ ወደ ሰውነት መዞሩ አይቀርም።

አንዳንድ ወላጅ ደግሞ «እንግዲያው ልጄ ከመሣሪያው ጋር ይሥራ» ይላል። መልካም ነው፤ ሥራው ምን እንደሚመስል ግን ይታወቅ። እዚሁ ጎረቤታችን ናይሮቢ ሳማ የተባለ ድርጅት ነበር፤ ለፌስቡክ ባለቤት ለሜታ በኮንትራት ይሠራ ነበር። በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በትግርኛ የሚለጠፈውን ነገር ቀኑን ሙሉ እያዩ የሚለዩት ሠራተኞች የአገራችን ልጆችም ነበሩባቸው። በጦርነቱ ጊዜ የሚያዩት ሬሳና እልቂት ነበር። ታይም መጽሔት እ.ኤ.አ በጥር 2023 እንዳወጣው ደግሞ ለቻትጂፒቲ ጸያፍና አሰቃቂ ጽሑፍ ይለዩ የነበሩ የዚሁ ድርጅት የኬንያ ሠራተኞች በሰዓት ከሁለት ዶላር ያነሰ ይከፈላቸው ነበር። በዚያው ዓመት ከ180 በላይ የሆኑ የይዘት ተቆጣጣሪዎች ከሥራ መባረራቸውን ተቃውመው ፍርድ ቤት ሄዱ። መሣሪያው ጨዋና አዋቂ ሆኖ የሚያናግረን፣ ቆሻሻውን አስቀድሞ የሚጠርግ የሰው ልጅ ስላለ ነው። እዚህም ፈታይዋ አለች ማለት ነው፤ ዛሬም አትታይም።

እንግዲህ የትኛውን ሥራ ለልጅ እንምረጥለት የሚለውን ጥያቄ ታሪኩ አይመልስልንም። በ1900 ዓ.ም የነበረ የላስታ አባት የጭነት መኪናን ሊያስብ አይችልም ነበር፤ እኛም የ2040ዎቹን ሥራ አናውቅም። አንድ ነገር ግን ከእንዝርቱና ከወፍጮው ወስደን ዛሬ ማታ በቤታችን ልንሠራበት እንችላለን። መሣሪያው የሚሠራው ሥራ ለአባት ሸክም፣ ለልጅ ግን ሌላ ነገር ሊሆን ይችላል። አባት ለወረዳ የሚያስገባውን ማመልከቻ ስልኩ ቢጽፍለት ወፍጮ ቤት እንደ መሄድ ነው፤ ሸክም ወረደለት። የ13 ዓመት ልጅ የሚጽፈውን ድርሰት ስልኩ ሲጽፍለት ግን የወረደለት ሸክም የለም፤ ድርሰቱ ለማንም አያስፈልግም፣ መምህሩም አንብቦ ይጥለዋል። የሚፈለገው ልጁ ሲጽፍ የሚያድገው እጅና ልብ ነው። መፍተል የምትማር ልጅ የመጀመሪያ ፈትሏ ወፍራምና ቀጭን እየሆነ የሚበጣጠስ ነው፤ እናቷ ግን ነጥቃ «የፋብሪካ ክር አለልሽ» አትላትም።

የወሎ ሸኾች ይህን በሰሌዳ ያውቁት ነበር። ደረሳው ትምህርቱን በሉሑ ላይ በጥላሸት ቀለም ይጽፋል። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ቃሉ ሉሑ ላይ አለ፤ አንድም አልጎደለም። ሸኹ ግን ሉሑን አይጠይቁም። ሉሑ ዞሮ ይቀመጥና ልጁ በቃሉ ያሰማል። ከተሳሳተ ተመልሶ ይቀመጣል፤ ካሰማ በኋላ ብቻ ሉሑ ታጥቦ የሚቀጥለው ትምህርት ይጻፍበታል። ፊደል ያልቆጠረች እናት ይህንኑ ማድረግ ትችላለች። ስልኩን ተቀብላ ጉልበቷ ላይ ታስቀምጠውና «በል አሁን አንተ አስረዳኝ» ትበለው። ሒሳብ ባታውቅም ልጇ ሲንተባተብ ታውቃለች። ከተንተባተበ ስልኩን ሳትመልስለት ደብተሩን ትስጠው፤ ካስረዳት ደግሞ ሻዩን ትቅዳለት።